የአያ ሀብተሥላሴ ጀርባ

«ጨርሰው እንጂ፤ ምነው አጋመስኸው?» አሉኝ እትዬ ይርገዱ። እኔም ደግነት መስሎኝ ጨረስሁት። ሐሙስ ጠዋት ነው፤ የጥቅምት ብርድ ገና ግድግዳውን አልለቀቀም። ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የባላቸውን የአያ ሀብተሥላሴን ኮት ልለካ እንደገባሁ በረንዳው ላይ በርጩማ ሰጡኝና በትልቁ ብርጭቆ ትኩስ ወተት አስጨበጡኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ከእሳቸው ቤት ጠላም፣ ንፍሮም፣ ስድብም ቀምሻለሁ፤ ወተት ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። «ሸጋ ወተት ነው እትዬ፤ ስኳር ጣል ቢደረግበት ደግሞ ሠርግ ነበር» አልሁ። አልሳቁም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው፣ እሳት ላይ የተጣደ ወተት እንዳይገነፍል እንደሚጠብቅ ሰው ፊቴን ትክ ብለው ያያሉ።

«ሆድህን ምንም አላለህም?»

«ምን ሊለኝ?»

«ራስህንስ? አያዞርህም?»

ብርጭቆውን ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥሁት። እንግዳ አልነበርሁም ለካ፤ ቀማሽ ነበርሁ። በዚህ ከተማ ድሮ ለነገሥታቱ የሚቀርበውን አስቀድሞ የሚቀምስ ሰው ነበር ይባላል፤ ዛሬም ደህና አሳላፊ መጠጡን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው የሚያቀብልህ። እኔን ግን ሳይነግሩኝ ነው ሹመቱን የሰጡኝ። «ብሞትስ ኖሮ እትዬ?» አልኋቸው። «አንተ አትሞትም፤ ሆድህ ብረት ነው» አሉና ብርጭቆውን አነሡ።

ወተቱ ከከተማው ወጣ ካለችው ከጠዳ የመጣ ነው። የምራታቸው የኤሌኒ አባት እዚያ ላሞች አሏቸው፤ እሷም በየሁለት ቀኑ በቢጫ ጀሪካን ታመጣለች። ፒያሳ ላይ ሊትሩ መቶ ሃያ ብር በገባበት ጊዜ ይኸኛው በነጻ ይመጣል፤ እትዬ ይርገዱን ያስፈራቸውም ነጻ መሆኑ ነው። «ከማክሰኞ ጀምሮ የበላውን ሁሉ ይመልሳል። ምግቡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ከውጭ የሚገባ ይኸው ወተት ብቻ ነው» አሉኝ፣ ግቢው ውስጥ ከእኛና ከአንዲት ዶሮ በቀር ማንም ሳይኖር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ኤሌኒ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ባሏ ሙሉቀን፣ የእትዬ ይርገዱ አንድ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ማራኪ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ካለፈው ወር ወዲህ አባቱን ወደዚያ ካልወሰድሁ እያለ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ኤሌኒን ከልቤ አላመንኋትም ነበር። አእምሮው ከድቶት ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ ትኬት የሚጠይቅ ሽማግሌን ሦስተኛ ፎቅ ለማውጣት ሰው ለምን ይቸኩላል? ይህ ቤት ሁለት ክፍል ይሁን እንጂ የጣሊያን ጊዜ ግንብ ነው፤ ፊቱ ወደ መንገድ ነው፤ መስኮቱን በር ብታደርገው ሱቅ ይወጣዋል። ይህን በሰፈሩ ያላለ የለም። እኔም ብያለሁ፤ ብዙ አልጨመርሁበትም።

አያ ሀብተሥላሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ክፍሉ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ የኬሻው ኮርኒስ ላይ የክረምቱ ዝናብ ቡናማ ካርታ ሥሎበታል። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ቆርጠዋል። የመርሳት በሽታው ከሰው ስም ጀምሮ ብዙ ነገር ሲወስድባቸው ትኬቱን ግን አልነካባቸውም። «ወዴት ነህ?» አሉኝ እንዳዩኝ። «ደባርቅ» አልሁ፤ ሁልጊዜ ደባርቅ ነው የምላቸው። «ሞልቷል» አሉኝ። ሁልጊዜ ሞልቷል። የዛሬው ድምፃቸው ግን ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፤ ከንፈራቸውም አመድ ለብሷል።

ለዚህ በሽታ መጀመሪያ የታዘዘላቸው ማታ ማታ የሚዋጥ ክኒን ነበር፤ የወሩ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር። እሱ ሆዳቸውን አመሰው፤ ሌሊቱንም በሕልማቸው አውቶቡስ ሲያባርሩ ያድሩ ጀመር፤ በግድግዳው በኩል እኔም «ቁም፣ ቁም» ሲሉ እሰማ ነበር። ከዚያ ፕላስተሩ መጣ። የላከው አላምረው ነው፤ ወለቃ ይኖሩ ከነበሩት ሸክላ ሠሪዎች የአንዱ ልጅ፣ ዛሬ እስራኤል አገር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ። ከዚህ ከተማ የተነሣ ዕለት ትኬቱን የቆረጡለት አያ ሀብተሥላሴ ነበሩና አልረሳም። የካርቶኑ ጽሑፍ በዚያው አገር ፊደል ስለሆነ አጠቃቀሙን በቃል ያስረዳችው ኤሌኒ ናት። ጠዋት ጠዋት አንድ ይለጠፋል፤ የትናንቱ ተነቅሎ፣ ታጥፎ ይጣላል፤ አዲሱ ሌላ ቦታ ይሆናል፤ የሕመምተኛው እጅ እንዳይደርስበት ጀርባ ላይ። መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ቀስ እያለ ይገባል አለች። እውነትም በሦስተኛው ሳምንት አያ ሀብተሥላሴ ሚስታቸውን «ይርጌ» ብለው ጠሯቸው። ዓመት ከመንፈቅ «አንቺ ሴትዮ» ሲባሉ ለኖሩት ለእትዬ ይርገዱ ይህ ወሬ ከቧንቧ ውኃ መምጣት ይበልጥ ነበር፤ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረው ነገሩ። እኔ ዘንድ ሁለት ጊዜ መጡ።

የተጠራሁት ኮቱን ለማጥበብ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሉቀን የሐኪም ቀጠሮ ይዞላቸዋል፤ ሰውየው ደግሞ ከስተው ኮቱ ሌላ ሰው ያስገባል። ኮት ማጥበብ ዛሬ አራት መቶ ብር ነው፤ ከጎረቤት አልቀበልም። እኛ ልብስ ሰፊዎች በሜትር ብቻ አንለካም፤ መዳፋችንን ከማጅራት እስከ ወገብ እናወርዳለን፤ የትከሻን መዝመም፣ የጀርባን መጉበጥ የሚያውቀው እጅ ነው። እጄን ሳወርድ ሸሚዛቸው በዚያ ብርድ ረጥቧል። ከግራ ትከሻቸው በታች አንድ ጠፍጣፋ ነገር ነካሁ። በስተቀኝ ሌላ። ዝቅ ብሎ ሌላ። ከእሱም አጠገብ አራተኛ። ስስ ናቸው፤ የኮሌታ ገበር ያህል። እጄ ቆመ። ቀና ስል የእትዬ ይርገዱ ዓይን እጄ ላይ ነው።

«ልኩን ብቻ ውሰድ» አሉኝ።

ክታብ መሰለኝ። ልጃቸው የተማረ ስለሆነ እንዳያይባቸው አንዱ ደብተራ ዘንድ አስጽፈው ከሸሚዝ ሥር የሸሸጉት መሰለኝ። ሰው ክታቡን አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ደግሞ ያን ሰዓት የሚያሳስበኝ የገዛ ሆዴ ነበር። ቤቴ ገብቼ የስፌት ማኪናዬ ላይ ተቀምጬ የኮቱን ጎንና ጎን ስፈታ በየመሐሉ ምላሴን በመስተዋት እያየሁ፣ እያንዳንዷን የሆዴን ጩኸት እየመረመርሁ እስከ ቀትር ቆየሁ። ምንም አልሆንሁም። እንደውም ራበኝ። ያኔ ነው ነገሩ ይበልጥ ያስጠረጠረኝ፤ ወተቱ እኔን ካልነካ ሰውየውን ምን ነካቸው?

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁና ኮቱን ይዤ ተሻገርሁ። ሙሉቀን በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነው። ኤሌኒ ቆማለች። እትዬ ይርገዱ አልጋው ላይ ከባላቸው ጎን ተጠግተው ተቀምጠዋል። አዲሱ ቢጫ ጀሪካን መሐል ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አያነሣውም፤ ሁሉም ግን ያየዋል። ዘመድ ከዘመድ ጋር ዝም ሲል የሚያወራው ጎረቤት ነው፤ ውኃ ከጠፋ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ መሆኑን፣ በርሜል የሚያመላልሰው ልጅ ሒሳብ መጨመሩን አወራሁ።

«ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ እኛ ነው የምንወስደው» አለ ሙሉቀን ግድግዳውን እያየ። «አንቺም ደከመሽ እማዬ። ኤሌኒ ታውቅበታለች።»

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን። አንቺ እሁድ እሁድ ትመጫለሽ።»

ማራኪ ያለው ቤት ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት ትርፍ አልጋ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ይርገዱ የባላቸውን ጋቢ ጠርዝ ማስተካከል ጀመሩ፤ ተስተካክሎ የነበረውን። ሙሉቀን ዝምታው ስለከበደው ይመስለኛል ስልኩን አውጥቶ ስለ አዲስ መድኃኒት ያነብልን ጀመር። በሀብታም አገር በደም ሥር የሚሰጥ አለ፤ አእምሮ ላይ የተጋገረውን ነገር ያጥባል፤ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በወር አንዴ ነው፤ ግን በሽታው ሲጀምር ካልተያዘ አይሰጥም፤ ጭንቅላት ውስጥ ሊያደማም ስለሚችል በየጊዜው በማሽን መታየት ያስፈልጋል። እዚህ ገና አልገባም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት፤ ቢሆንም ራሴን ነቀነቅሁ።

«ያድናል?» አሉ እትዬ ይርገዱ።

«ያዘገያል።»

«የእኛስ ፕላስተር?»

ኤሌኒ ናት የመለሰችው። «እሱ በሽታውን አያቆመውም እማማ። ያለችውን ጉልበት ለጊዜው ይደግፋል።»

«የሩቁ ያዘገያል፤ የቅርቡ ይደግፋል። የሚያድነውን ማን ዘንድ ነው ያስቀመጡት?»

«ማዘግየቱንማ እኛም እናውቅበት ነበር» አሉ አያ ሀብተሥላሴ ድንገት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «የመተማው መቼ በሰዓቱ ወጥቶ ያውቃል።» ልስቅ ስል ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ወደ ጎን ዘመም አሉና ባዶ ሆዳቸውን አስመለሳቸው፤ ላብ እንደ ጤዛ ግንባራቸው ላይ ወጣ፤ ጭንቅላታቸው የሚስታቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። ኤሌኒ ዘላ እጃቸውን ያዘች። ሰዓቷን እያየች ቆጠረች።

«አርባ ሁለት» አለች። «የልብ ምቱ አርባ ሁለት ነው። ሙሉቀን፣ ባጃጁ እንዳይሄድ።» ከዚያ ወደ እትዬ ይርገዱ ዞረች። «እማማ፣ የትናንቱን ፕላስተር አውልቀዋል አይደል? አሁን ያለው አንድ ብቻ ነው?»

«አዎ።»

ይህን ሲሉ ያዩት ኤሌኒን አልነበረም። እኔን ነበር።

ጠዋት የነካኋቸው አራቱ ነገሮች መዳፌ ውስጥ ተመልሰው መጡ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ክታብ በቆዳ ይሰፋል፤ ወፍራም ነው፤ ይህን ከእኔ ከሰፊው በላይ ማን ያውቃል? ብናገር፣ እኚህ ሴት በምራታቸው ፊት ባላቸውን ሊገድሉ የነበሩ ሴት ይሆናሉ፤ አያ ሀብተሥላሴም ዛሬውኑ ማራኪ ይገባሉ፤ አይመለሱም። ዝም ብል ደግሞ ባጃጁ ሐኪም ቤት እስኪደርስ አርባ ሁለቱ ሠላሳ ይሆናል። እትዬ ይርገዱ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ዓይናቸው አትናገር ይሁን ተናገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ኮቱን አነሣሁና አያ ሀብተሥላሴ ትከሻ ላይ ጣል አደረግሁት። ከዚያ መልሼ አነሣሁት። «ኤሌኒ፣ ይህ ሸሚዝ ረጥቧል» አልሁ። «በእርጥብ ሸሚዝ ላይ ኮት ጀርባው አይቀመጥም፤ ብርዱም ይመታቸዋል። ደረቅ ቀይሩላቸው።»

«እኔ እቀይርለታለሁ» ብለው ተነሡ እትዬ ይርገዱ።

«ሁለታችሁም ያዟቸው፤ ለአንድ ሰው ይከብዳሉ» አልሁ፤ ሰውየው ዛሬ ከአንድ ከረጢት ጤፍ ይቀላሉ።

ኤሌኒ ሸሚዙን ከኋላ ወደ ላይ ገፈፈችው። አራቱም እዚያ ናቸው፤ በተራ፣ በንጽሕና የተለጠፉ፤ አንዱ ካንዱ ያለው ርቀት በሜትር የተለካ ይመስላል። አንድ በአንድ ነቀለቻቸው፤ በተነቀሉበት ቦታ ቀይ ክብ ቀረ። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸውና ጀርባቸውን በውኃ አጠበችው፤ ዘጠኝ ቀን ተቆጥቦ በቆየው ውኃ።

«እማዬ» አለ ሙሉቀን።

«እሁድ ስሜን ሲጠራ ዋለ» አሉ እትዬ ይርገዱ፣ ቀይ ክቦቹን እያዩ። «ሰኞ ጠዋት የእሁዱን ነቅዬ ጣልሁ፤ አዲሱን ለጠፍሁ። ያን ቀን ሙሉ አንቺ ሴትዮ ሲለኝ ዋለ። ስሜ በጣልሁት ላይ የቀረ መሰለኝ። ክታብ እንኳ እየሠራ አይፈታም። ከዚያ ወዲያ አንድም አልጣልሁ።» ወተቱን ለምን በእኔ እንዳስቀመሱት ያኔ ገባኝ። ጥፋቱ ወተቱ ውስጥ ካልተገኘ በእጃቸው ላይ ሊገኝ ነው፤ ያን ደግሞ ማን ይቀምስላቸዋል?

ባጃጁ ኮንትራት ሁለት መቶ ብር አለ፤ ማንም አልተከራከረውም። እኔ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫዬ ተንጠልጥዬ ሄድሁ፤ እትዬ ይርገዱ በሁለተኛ ባጃጅ ተከተሉን። ሐኪም ቤት ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ለአራት ሰው ነው፤ እኛ ግን በመካከላችን ሌላ ሁለት ሰው በሚያስቀምጥ ክፍተት ተቀመጥን። ወጣቱ ሐኪም ጉሉኮስ አስተከለ፤ ደረታቸው ላይ ሽቦ አስደረገ፤ ወጣ ገባ አለ። መድኃኒቱ ሲበዛ ልብን ያዘገያል አለን፤ ፕላስተሩ በመነቀሉ ቆዳ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ደግሞ የትም አገር ያጋጥማል። ይህን የመጨረሻውን ሲናገር ሙሉቀንን አላየም፤ እትዬ ይርገዱን ነው ያየው። እኔ ደግ ልጅ ነው አልሁ በሆዴ። እሳቸው ግን ምን ሊሸጥልን ነው በሚል ዓይን ነው ያዩት።

ኤሌኒ ወጣ ብላ ሻይ ይዛ ተመለሰች። ለእትዬ ይርገዱ ከመስጠቷ በፊት ከብርጭቆው በመዳፏ ጠብ አደረገችና ቀመሰችው። ስለ ወተቱ የነገራት ሰው የለም፤ ወይም ጀሪካኑ ነግሯታል። «ቀምሼዋለሁ እማማ» አለችና ብርጭቆውን አቀበለቻቸው። እትዬ ይርገዱ ረጅም ጊዜ ያዙት። ሙሉቀን ጫማውን አየ። እኔም ስለ ቤቱና ስለ ሱቁ ከሰፈር ሰው ጋር ያወራሁትን አስታወስሁና የራሴን ሻይ ቶሎ ቶሎ ጠጣሁ፤ አፌን አቃጠለኝ። በመጨረሻ እሳቸውም ፉት አሉ።

«ስኳሩ አንሷል» አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የልብ ምቱ ስድሳ ገባ። ሐኪሙ ለጊዜው ምንም እንዳይለጠፍ አለ፤ ከሳምንት በኋላ መጥተው ከትንሹ ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት ስም ቢጠፋባቸው አትደንግጡ አለ። እትዬ ይርገዱ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። የሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንወጣ ፀሐይ ተራራው ላይ ተደግፋለች። ጠዋት ያጠበብሁት ኮት አያ ሀብተሥላሴ ጀርባ ላይ ሸጋ ሆኖ ተቀምጧል፤ ይህን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ሙሉቀን ባጃጅ አስቆመና «ማራኪ» አለው ሾፌሩን። ኋላ ያለው ቦታ ለሦስት ሰው ነው። ኤሌኒ ለመግባት እግሯን አላነሣችም። እትዬ ይርገዱ የባላቸውን ጋቢ አጥፈው ደረታቸው ላይ ይዘው ከእኔ ጎን ቆሙ፤ ልጃቸውን አልለመኑትም።

አያ ሀብተሥላሴ አንድ እግራቸውን አነሡና ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«ማራኪ ነው አባባ። እኛ ቤት።»

ዞረው ሚስታቸውን አዩ። «ይችስ?»

ሙሉቀን ደክሞታል፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ነገሩን አንድ ቦታ ማሳረፍ ፈልጎ ይመስለኛል። «ማን ናት እሷ አባባ? ስሟን ንገረኝ» አለ። «ከነገርኸኝ ሁለታችሁንም ቤታችሁ አደርሳችኋለሁ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔ «ይር» ለማለት ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ጀምሬ አፈርሁ። እትዬ ይርገዱ መሬት መሬቱን ያያሉ። አያ ሀብተሥላሴ ልጃቸውን ከጫማው እስከ ጠጉሩ አዩት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመስኮቱ በኩል ሰልፍ ጥሶ የመጣን መንገደኛ እንደሚያዩት።

«ስሟን ምን ያደርግልሃል?» አሉት። «የሁለታችንም ትኬት ያለው እሷ ዘንድ ነው።»